ቀበሌሽ የት ነው?

አክስቴ የኬላ ፈታሽ የሆነችው ፈልጋ አይደለም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቤታችን ድረስ መጣና፣ ከቆቦ ወጣ ብሎ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው ኬላ ሴቶችን የምትፈትሽ ሴት እንደምትፈለግ ነገራት። ከዚያ በፊት ሴቱንም ወንዱንም የሚፈትሹት ወታደሮቹ ነበሩ። አንድ ገበሬ ሚስቱን ሲዳብሱበት አይቶ ዱላውን አነሳና ወታደር ሊፈነክት ሲል በስንት ግልግል ተያዘ። ከዚያ በኋላ ነው ሴት ያስፈለገችው፤ ያውም ትግርኛ የምትሰማ ሴት።

«ለምን እኔን?» አለችው አክስቴ።

«አንቺ ዋጃ አይደለም ወይ የተወለድሽው? ሰው አፉን ሲከፍት ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ።»

እምቢ ማለት በደርግ ጊዜ የሚታሰብ ነገር አልነበረም። አክስቴ ባሏ የሞተባት፣ በገበያ ቀን ጨውና በርበሬ እየቸረቸረች የምትኖር ሴት ናት። የምትሸጥበትን መደብ የሰጣት ያው ቀበሌው ነው፤ ሊነጥቃትም ይችላል። ሊቀመንበሩ ይህን አላነሳም፤ ማንሳትም አላስፈለገውም። በማግስቱ ክንዷ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራ ወደ ኬላው ሄደች።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልናገር። እናቴና አክስቴ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ትልቋ እናቴ ከዋጃ ወደ ሰሜን፣ ከአላማጣ ወዲያ ተራራው ሥር ወዳለች መንደር ተዳረች። ታናሿ አክስቴ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቆቦ። አባቴ ሲሞት፣ አክስቴም ልጅ ሳይሰጣት ሲቀር፣ እናቴ ገና ጥርሴን ሳልጨርስ እኔን ለትምህርት ብላ ወደ እህቷ ላከችኝ። መጀመሪያ ላይ ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ እናቴ እመለስ ነበር። በኋላ መንገዱ ከፋ። ያ አገር ቀን የመንግሥት፣ ሲመሽ የትግራይ ተዋጊዎች ሆነ፤ ወዲያ የሄደ ሲመለስ «ምን አድርገህ መጣህ» ይባል ጀመር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ማስተማር ስጀምር፣ እናቴን ካየኋት ዓመታት አልፈው ነበር። በጨው ነጋዴዎች አፍ ነበር ሰላምታ የምንለዋወጠው።

ኬላው ማለት በመንገዱ ላይ የተጋደመ ግንድ፣ የወታደሮቹ ድንኳን፣ ከመንገዱ ዳር ደግሞ አንድ ትልቅ ግራር ነው። ለሴቶቹ መፈተሻ በማዳበሪያ ጆንያ አጥር ተሠራ። ከሰሜን የሚመጣ አውቶቡስ ሁሉ እዚያ ይራገፋል። ያኔ አውራ ጎዳናው ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው ሁሉ ይለፍ ይይዛል፤ ከገበሬ ማኅበሩ ወይም ከቀበሌው ማኅተም የተመታበት ወረቀት። ግን ከአክስቴ መምጣት ጥቂት ቀደም ብሎ አንዲት ሴት ይለፏን አሳይታ ካለፈች በኋላ ከጤፍ ከረጢቷ ውስጥ የእጅ ቦምብ ተገኘ። ሴትዮዋ ትግርኛ ተናጋሪ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወረቀት ብቻውን አይበቃም ተባለ።

የኬላው አዛዥ አንድ አሥር አለቃ ነበር። ከደቡብ አገር የመጣ፣ ረጋ ያለ፣ እናቶችን «እማማ» እያለ የሚያነጋግር ሰው። አክስቴን በመጀመሪያው ቀን አስቀምጦ አስረዳት።

«እኔ የእናንተን አማርኛ መለየት አልችልም፤ ለእኔ ሁላችሁም አንድ ናችሁ። አንቺ ግን ትለያለሽ። ሁሉንም እስከ ጥፍሩ እንፈትሽ ብንል አውቶቡሱ እዚሁ ይመሽበታል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂያቸው። ቀበሌሽ የት ነው በያቸው።»

ጥያቄው መልሱን ለማወቅ አልነበረም። ጆሮ የሚሰጠው ለፊደሏ ነው። «ቀበሌዬ» ብሎ የሚመልስ ሰው «ቀ»ን ወይ እንደ እኛ ይላታል፣ ወይ ከጉሮሮው ውስጥ ፍቆ ያወጣታል። በጉሮሮዋ ያለች ሴት ወደ ግራሩ ሥር ትሄዳለች። ዕቃዋ ተዘርግፎ ይታያል፣ ከከተማው ተያዥ የሚሆናት ሰው መጥቶ እስኪምልላት ትቀመጣለች። አውቶቡሱ አይጠብቃትም። ተያዥ ከሌላት ወደ መጣችበት በሚመለስ መኪና ትጫናለች።

ችግሩ ደግሞ ያ ፊደል በጉሮሮ የሚነገረው ተዋጊዎቹ ዘንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። ዋጃም አላማጣም እንዲያው ነው የሚናገሩት። ማሽላ ሸጠው፣ በርበሬ ገዝተው፣ ልጅ ድረው የሚመላለሱ የራያ ሰዎች ናቸው። ቆቦ ውስጥ ዘመድ የሌለው ከመካከላቸው የለም።

የዚያኑ ዓመት ነበር የታጨሁት። እጮኛዬ ከደሴ አካባቢ የመጣ፣ ሮቢት ላይ የግብርና ጣቢያ ሠራተኛ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ቆቦ ይመጣና እኛ ቤት ራት ይበላል። ስለ ኬላው የሚነሳው ክርክር ሁሉ የሚነሳው በዚያ ራት ላይ ነበር። ቅን ሰው ነው፤ የሚያምንበትንም በግልጽ ይናገራል።

«እኔ እርስዎን መቃወሜ አይደለም፣ እትዬ» ይላታል። «ግን ያስቡት እስቲ። ጠባቂዎቹ ጥቂት ናቸው። ሕዝቡ ብዙ ነው። ቦምብ የሚያመጣው ከየት እንደሆነ እየታወቀ፣ ከመርሳ አማቷን ጠይቃ የምትመለሰውን አሮጊት ጭምር እኩል እንፈትሽ ቢሉ ማንንም በደንብ አይፈትሹም። ጊዜ መፍጀት ብቻ ነው።»

«የመርሳዋ አሮጊት በኔ ኬላ አታልፍም፣ መንገዷም አይደል» ትለዋለች አክስቴ።

«ለምሳሌ ነው።»

«እኔ ምሳሌ አላውቅም። እኔ የማውቀው የያዝኳቸውን ነው። ትናንት የያዝኳት የዋጃዋ አንጥረኛ ሚስት ናት። የሠርጌ ቀን የጆሮ ጉትቻ ያዋሰችኝ ሴት። ግራሩ ሥር ተቀምጣ እያየችኝ ዋለች።»

«ተያዥ መጣላት አይደለም እንዴ? ሄደች። ምን ተጎዳች? ግማሽ ቀን። ቦምቡ ቢፈነዳ ግን ስንት ሰው ነው የሚጎዳው?»

አክስቴ እንጀራውን ትቆርሳለች፣ ሳትጎርሰው እጇ ላይ ይቆያል። «ልጄ፣ አንተ ግማሽ ቀን ትላለህ። ሰው ፊት ከመኪና ወርዶ፣ አንተ በዚህ እለፍ አንቺ በዚያ ቁሚ ተብሎ፣ አፍሽ ነው ያስጠረጠረሽ መባልን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም» ይላል በእውነት። «ግን ሌላ ምን ዘዴ አለ?»

አንድ ጊዜ ግን ሌላ ነገር አነሳችበት። «ተንኮል ያሰበማ» አለች፣ «አፉን አስተካክሎ ነው የሚመጣው። ያጠናል፤ ሥራው ነው። እኔ እጅ የምትወድቀው ምንም ያላሰበችው ናት።» ያን ከተናገረች በኋላ ብዙም ሳይቆይ አንድ ነጋዴ መሳይ ሰው ጥይት በጨው አሞሌዎች መካከል ደብቆ ሲያሳልፍ ወልድያ ላይ ተያዘ። በኛ ኬላ ያለፈ ነው። አማርኛው እንደ ራዲዮ የጠራ ነበር አሉ። እጮኛዬ ወሬውን ሰምቶ መጥቶ ራሱ ነገራት። «እርስዎ ያሉት ነው» አላት። ቢሆንም አንድ ሰው ማምለጡ ዘዴው ሁሉ ከንቱ ነው አያሰኝም አለ። እሷም አልተከራከረችውም። የደከማት ትመስል ነበር።

ያኔ ያልነገረችን ነገር ነበራት። ከጆንያው አጥር ውስጥ ብቻዋን ከሴቶቹ ጋር ስትሆን፣ ገና ሳትጠይቃቸው በትግርኛ ሹክ ትላቸው ነበር። «ቀበሌ አትበይ። ሰፈሬ እንዲህ ነው በይ።» «ሰፈር» በሚለው ቃል ውስጥ የምታጋልጥ ፊደል የለችም። ብዙ ሴቶች እንዲያ እያለች አሳለፈች። አሥር አለቃው ግን ሞኝ አልነበረም። ሴቶቹ ሁሉ «ሰፈሬ» እያሉ መምጣታቸውን ልብ አለ። አልተቆጣትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄውን ከመኪናው በር ላይ፣ እሱ ባለበት እንድትጠይቅ አደረገና፣ «ቀበሌዬ ብለሽ ጀምሪ» ብሎ ራሱ ያዝዛቸው ጀመር። እየሰማ እየሰማ የሱም ጆሮ ለመደ። አክስቴ ሳታስተምረው አስተማረችው።

ከዚያ ደግሞ ከኬላው ጠባቂዎች አንዱ፣ የከተማችን ሰው፣ ለአጎቱ ልጅ ተያዥ ሆኖ «ዘመዴ ነው፣ አውቀዋለሁ» ብሎ አሳለፈው። ያ የአጎት ልጅ ምን እንደተገኘበት በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ሁለቱም ግን በአንድ ካቴና ታስረው ወደ ወልድያ ተወሰዱ። የኬላ ሠራተኛ ለዘመዱ አይመሰክርም፣ የመሰከረ አብሮ ይጠየቃል የሚል ትእዛዝ ወጣ። ይህን በመንገዱ ላይ ያልሰማ አልነበረም። አላማጣም ዋጃም ተወራ።

ሠርጋችን ለጥር ተቆረጠ። እኔ እናቴ እንድትመጣ ፈልጌ ነበር፣ ግን አምጧት ብዬ ለማንም አልላክሁም። መንገዱን አውቀዋለሁ። አክስቴም በጨው ነጋዴ በኩል ቀኑን ብቻ ነገረቻት፤ «በልብሽ መርቂያት፣ አትምጪ» ብላ። ነጋዴው ሲመለስ «እሺ ብላለች» አለን። እኔ እሺ ያለችው መቅረቱን መሰለኝ።

ከሠርጉ በፊት በነበረው ሳምንት አንድ ቀን፣ ፀሐይዋ ከዞብል ተራራ በላይ ከፍ ብላ ማቃጠል ስትጀምር፣ ከአላማጣ የመጣ አውቶቡስ ኬላው ላይ ቆመ። የሚቀጥለውን እኔ አላየሁትም። አክስቴ በዚያ ቀንና ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ደጋግማ የነገረችኝን ነው የምጽፈው። በነገረችኝ ቁጥር አንድም ቃል ቀይራው አታውቅም።

ሰዎቹ እየወረዱ ሳለ በበሩ ላይ እናቴን አየቻት። ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ ነጠላዋ ግን ታጥቦ የተቀመጠ የበዓል ነጠላ ነው። ጀርባዋ ላይ አንድ ቅል በጨርቅ አዝላለች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። አክስቴ አፏን ከመክፈቷ በፊት እናቴ ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች።

«እማማ፣ ቀበሌሽ የት ነው?» አላት አሥር አለቃው። «ቀበሌዬ ብለሽ ጀምሪ።»

እናቴ ተናገረች። አሥር አለቃው አክስቴን ማየት እንኳ አላስፈለገውም።

«ይለፍ አላት» አለች አክስቴ። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት።

«አይቻለሁ። እማማ፣ ቆቦ ምን ልትሠሪ ነው?»

«ለገበያ።»

«ዘመድ አለሽ?»

እናቴ አክስቴን አላየቻትም። «የለኝም» አለች።

«ማንም የለም? ተያዥ የሚሆንሽ?»

«ማንም።»

አሥር አለቃው ራሱን ነቀነቀና አክስቴን «ፈትሺያት» አላት።

ጆንያው አጥር ውስጥ ገቡ። ሁለት እህትማማቾች፣ አንዷ እጇን ዘርግታ ቆማ፣ ሌላዋ እየዳበሰቻት። አክስቴ ከውጭ ወታደሩ ጥላውን ስለሚያይ እጇን ማቆም አልቻለችም። ከትከሻዋ ጀምራ ወደ ጎኗ ወረደች። አጥንቷ በእጄ ገባ፣ አለችኝ። የልጅነቷን ገላ የማውቀውን ያህል፣ አብረን በአንድ ጨርቅ ተኝተን ያደግነውን ያህል፣ አላወቅኋትም አለችኝ።

«ጓለይ ደሓን ድያ?» አለቻት እናቴ በሹክሹክታ። ልጄ ደህና ናት ወይ ማለቷ ነው።

«ደህና ናት። አሁን እወጣለሁ፣ እህቴ ናት እላለሁ።»

«አትይም።»

«እላለሁ። የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

«ስሚኝ» አለቻት እናቴ። «ያንን ሰውዬ ከአጎቱ ልጅ ጋር የወሰዱትን አገር ሁሉ ሰምቷል። አንቺ ከታሰርሽ ማን ይድራታል? የሚያገባትስ ልጅ፣ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለም ወይ? የፈታሿን እህት ከወንበዴ አገር አስገቡ ቢባል ቤተሰቡ ይቀበላታል? እኔ አይቻት ልሄድ ነበር። አንቺን አየሁ፤ ይበቃል።»

«እትዬ—»

«በእግዜር ይዤሻለሁ። በእናታችን ይዤሻለሁ።»

«ጨረስሽ?» አለ ወታደሩ ከውጭ።

እናቴ ቅሉን ከጀርባዋ ፈታችና ሰጠቻት። ቅቤ ነው፤ ለሙሽራ ጠጉር ብላ ከወራት ጀምራ ያጠራቀመችው። በዚያ ከብት ባለቀበት አገር ከየት እንዳገኘችው አላውቅም። ፈታሾች ከመንገደኛ የወደዱትን ሲወስዱ ማየት የተለመደ ስለነበር፣ አክስቴ ቅሉን ይዛ ስትወጣ ወታደሩ ሳቅ ብሎ «ለወጥ?» አላት። እሷም «ለወጥ» አለችው። አክስቴ ካለቻቸው ቃላት ሁሉ የምትጠላው ይህችን ነበር።

እናቴ ግራሩ ሥር ዋለች። ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጣ፣ አንድ ጊዜ ልጅ ካዘለች ሴት ልጇን ተቀብላ ስታቅፍላት አክስቴ አየቻት። ከዚያ በላይ አላያትም ብላ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ከቆቦ ከተማ እስከዚያ ግራር በእግር የሚኬድ መንገድ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ ለልጆች ፊደል እያስቆጠርኩ ነበር። ቀትር አልፎ ፀሐይዋ ስታዘነብል ወደ አላማጣ የሚሄድ የጦር መኪና መጣና ተያዥ ያልተገኘላቸውን ጫነ። እናቴ ስትሳፈር አንድ ወታደር ክንዷን ይዞ ረዳት። እሷም መረቀችው።

አክስቴ ያን ማታ ቅሉን ይዛ ገባች። ከሥራ ስትመለስ ሁልጊዜ እንደምታደርገው እግሯን አልታጠበችም። መደብ ላይ ተቀመጠችና ቅሉን ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ይኼ ምንድነው?» አልኳት።

«የእናትሽ ነው።»

ነጋዴው ያመጣው መስሎኝ ደስ አለኝ። ከፍቼ አሸተትኩት፤ የእናቴን ቤት ሸተተኝ፣ በአደስና በጠጅ ሳር የተነጠረ። «መቼ ላከችው?» አልኳት። ያኔ ነገረችኝ። ሁሉንም፣ ከበሩ ጀምራ። ሳታለቅስ ነገረችኝ። እኔ ጫማዬን እያጠለቅሁ ነበር ወደ ኬላው ልሮጥ፤ መኪናው መሄዱን እስከምትነግረኝ ድረስ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የት እንደምሮጥ አጣሁ። ደጁ ላይ ወጥቼ ወደ ሰሜን አየሁ። የማሽላው አገዳ ታጭዶ ሜዳው ባዶ ነው፤ ምንም አይታይም።

እጮኛዬ በማግስቱ መጣ። ነገርነው። ከዚያ ተነስቶ ኮቱን ለበሰና «እኔ እሄዳለሁ፣ አሥር አለቃውን አነጋግረዋለሁ፣ ይለፍ አስወጥቼ ራሴ አላማጣ ሄጄ አመጣታለሁ» አለ። አክስቴ እጁን ያዘችው።

«ምን ብለህ? ዘመድ የላትም ብላ የተናገረች ሴት፣ ዘመዷ ነኝ ብለህ? ውሸታም ታደርጋታለህ፤ እኔንም ታሳስረኛለህ። የደከመችበትን አታፍርስባት።»

ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «እትዬ፣ እኔ እኮ…» አለና አልጨረሰውም። በዚያ ቤት ስለ ኬላው ክርክር የተነሳው ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

ሠርጉ ተሠረገ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፣ ከሮቢት የባሌ የሥራ ባልደረቦች መጡ፣ ከደሴ ዘመዶቹ መጡ። የእናቴን ቅቤ አክስቴ ራሷ ጠጉሬ ላይ ቀባችኝ። አማቴ «እናትሽ ሳትመጣ ቀረች፣ መንገዱ ነው አይደል?» አሉኝ። «አዎ፣ መንገዱ ነው» አልኳቸው። ዘፈኑ ቤቱን ሞልቶት ሳለ አክስቴ ከጓሮ ስትመለስ ዓይኖቿ ቀልተው አየሁ። ሰው የእናትነት ደስታ መሰለው።

ከሠርጉ በኋላ አክስቴ ወደ ኬላው አልተመለሰችም። ወገቤን ነው ብላ ተኛች። ሊቀመንበሩ መጣ፣ ተቆጣ፣ ሄደ፤ የገበያ መደቧንም ነጠቃት። ሮቢት ከእኛ ጋር እንድትኖር ለመንናት፣ እምቢ አለች። እየዞረች ጨው መሸጥ ጀመረች። ኬላው ላይ ሌላ ሴት ተተካች፤ ከሩቅ አገር የመጣች፣ ምንም የማትለይ። ለመለየት አሥር አለቃው ይበቃ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ መንገዱ ጨርሶ ተዘጋ። አላማጣም ከእጅ ወጣ ተባለ፣ የጨው ነጋዴዎቹም መምጣት አቆሙ። የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። ከእናቴ ወሬ የሚያመጣልኝ ሰው አጣሁ።

ደርግ ሲወድቅና መንገዱ ሲከፈት፣ አክስቴና እኔ ልጄን አዝለን መጀመሪያ ባገኘነው የጭነት መኪና ተሳፈርን። ኬላው የነበረበት ቦታ ስንደርስ ማንም አላስቆመንም። አክስቴ በጎኔ ነበረች፤ ግራሩን አላየችውም፣ እኔ ግን አየሁት። ግንዱ ላይ በስለት የተጫረ የመስቀል ምልክት ነበረበት፤ የተያዙ ሰዎች ሲሰለቻቸው የቀረጹት ይሆናል።

ተራራው ሥር ያለችው መንደር ስንደርስ የእናቴ ቤት በሩ ተዘግቷል። ጎረቤቷ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ከደጃቸው ወጥተው አዩን። ማን እንደሆንን ስነግራቸው ራሳቸውን ያዙ። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ወባ ነው አሉን፤ ከበረሃው የመጣ ወባ ብዙ ሰው ጨርሶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሥር ነው የተቀበረችው።

አለቀስን። ጎረቤቶች መጡ፣ አብረው አለቀሱ፣ ሳይጠሩ የመጡ ሴቶች ሙሾ አወረዱላት። ለቅሶው ሲበርድ ሴትዮዋ ጎኔ ተቀመጡና እጄን ያዙ።

«እንኳን ሠርግሽን አየች» አሉኝ። «እሱን እንደ ማር ነበር የምትተርከው።»

ቀና አልኩ። አክስቴም ቀና አለች።

«ከመጣች በኋላ ለወራት ሌላ ወሬ አልነበራትም። ነጭ ቀሚስ ለብሰሽ፣ ሙሽራው ቁመናው እንደ ዝግባ፣ ደግ፣ ከደሴ የመጣ። ቤቱ በሰው ሞልቶ ወደ ጓሮ ተተርፎ። ጠጉርሽን በራሷ ቅቤ ቀብታሽ፣ እንዴት አምሮብሽ!» ወደ አክስቴ ዞሩ። «አንቺንማ! እንዴት አድርጋ ታመሰግንሽ ነበር። አልጋሽን ለቀሽላት አንቺ መሬት ተኛሽ አሉ። እስክትመለስ ድረስ እግሯን አጥበሽ፣ እንደ ንግሥት ሸኘችኝ ትል ነበር። የሚያስቀኑ እህትማማች እንል ነበር እኛ።»

አክስቴ ተነሳች። የበሩን መቃን ይዛ፣ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ አለቀሰች። ሴትዮዋ እንባው የናፍቆት መስሏቸው «አይዞሽ» አሏት።

«የሠርጉ ቀን ዝናብ ዘነበ አለችን» አሉኝ እኔን ዳሰስ እያደረጉ፣ «በጥር! እንደ ምርቃት ነው ብላ ተደነቀች። እውነት ዘነበ?»

አልዘነበም ነበር። ፀሐይዋ የሚያነድ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ነበር።

«አዎ» አልኳቸው። «ቀትር ላይ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ቤት ገባ።»

«አየሽ» አሉ ለጎረቤታቸው። «ነግራን አልነበር?»

አክስቴ ወደ ቆቦ አልተመለሰችም። ከእናቴ ቤት ከአንድ ሳምንት በኋላ ስነሳ «አንቺ ሂጂ፣ ባልሽ ይጠብቅሻል፤ እኔ እዚህ እቆያለሁ» አለችኝ። መቆየቷ የእድሜዋ ሆነ። የእህቷን ጓሮ አረሰች፣ በእህቷ አልጋ ተኛች፤ ስሄድ ስመጣ እጠይቃት ነበር። በዓመታት ውስጥ ያ በቆቦ የለወጠችው አነጋገሯ ሁሉ ተመልሶ መጣ፤ ልጆቼ አንዳንዱን ቃሏን እስኪለምዱት ድረስ ግር ይላቸው ነበር። ለመንደሩ ሰው ስለዚያ ቀን አንድም ቀን አልተናገረችም። ሲጠይቋት ስለ ሠርጌ ታወራላቸዋለች፤ እናቴ ካወራችው ላይ ጥቂት እየጨመረች።